በገጾቻችን ላይ ያሉት ጥቁር ካሬዎች፦ ኪውአር ኮድን ለኅትመት እንዴት አዘጋጀን?



በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ውስጥ ከየክፍሉ ፎቶግራፍ አጠገብ በጥቁር ካሬዎች የተሞላች አንዲት ትንሽ ምልክት ታገኛላችሁ። የስልካችሁን ካሜራ ከፍታችሁ ስታነጣጥሩባት፣ የዚያ ክፍል ተማሪዎች ከአያቶቻቸውና ከወላጆቻቸው የሰሙትን ተረት በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ ትሰማላችሁ። ብዙዎቹ አያቶች የሚኖሩት ከእኛ ርቀው ነው። እኛ ናይሮቢ ብንሆንም መጽሔቱ በሻንጣ ተጉዞ ጎንደርም፣ አዲስ አበባም፣ ቶሮንቶም ይደርሳል። የአንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ድምፅ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛሬ እንደምንሰማው ሆኖ አይቆይም። ምልክቷ ባትሠራ አያትየው የሚያዩት ዝም ያለ ወረቀት ብቻ ነው።

አንዳንዷ ምልክት በቢጫ መደብ ላይ፣ አንዳንዷ ደግሞ በነጭ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠችው ለምን እንደሆነ የጠየቁን ወላጆች አሉ። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪዎችም በመጪው ዓመት ሥራውን ለታናናሾቻቸው ያስረክባሉ። ስለዚህ አሠራሩን ከመነሻው እስከ ማተሚያ ቤት ድረስ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ወደናል።

ካሬዎቹ ምን ይላሉ?

ኪውአር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን ተሠራ። በዴንሶ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ማሳሂሮ ሃራ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው የመኪና መለዋወጫዎችን ለመቆጣጠር ነበር። ሃራ በጥቁርና በነጭ ጠጠር የሚጫወቱት ጎ የተባለው የሰሌዳ ጨዋታ ሐሳቡን እንዳመጣለት ተናግሯል። «ኪውአር» ማለት «ፈጣን ምላሽ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ ምኅጻረ ቃል ነው። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ይዞ ሳለ ተጠቃሚዎችን ክፍያ ባለመጠየቁ ምልክቱ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። ዛሬ በናይሮቢ ሱቆች እናየዋለን። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአገር ቤትም ለክፍያ የሚውል የታወቀ ነገር ሆኗል።

በሦስቱ ማዕዘኖች ያሉት ትልልቅ ካሬዎች ለስልኩ «እዚህ ነኝ» የሚሉ ናቸው። በመካከላቸው መሥመር ቢሰመር ጥቁሩና ነጩ 1፣ 1፣ 3፣ 1፣ 1 በሆነ መጠን ይፈራረቃል። ይህ መጠን የተመረጠው በሌሎች የታተሙ ወረቀቶች ላይ እምብዛም የማይገኝ በመሆኑ ነው። ስልኩ እነዚህን ሦስት ካሬዎች ካገኘ ምልክቷ ብትዘቀዘቅም ብታዘነብልም ያነባታል። የቀሩት ትንንሽ ካሬዎች መልእክቱን ይይዛሉ። ትንሿ ኮድ በእያንዳንዱ ጎን 21 ካሬ፣ ትልቋ 177 ካሬ አላት።

እዚህ ላይ ልጆች እንዲይዙት የምንፈልገው አንድ ቁም ነገር አለ። መሶብ የምትሰፋ እናት ቀለም የገባውን አክርማ ብቻ አትቆጥርም፤ ያልገባውንም ትቆጥራለች። አንዱን ብትስት ሐረጉ ይዛባል። ኪውአር ኮድም እንደዚሁ ነው። ባዶ መስሎ የሚታየው ካሬ ጥቁሩን ያህል ይናገራል። ስለዚህ ኮድን ለኅትመት ማዘጋጀት ማለት ጥቁሩን ጥቁር፣ ብርሃኑን ብርሃን አድርጎ ከኮምፒዩተር እስከ ወረቀት ማድረስ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

አጭር መልእክት፣ ትልቅ ካሬ

መጀመሪያ የወሰንነው በኮዱ ውስጥ ምን እንደምንጽፍ ነው። ተረቱን በአማርኛ በቀጥታ ብናስገባውስ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱ ግን በፊደላችን ቁጥር ላይ ይገኛል። በኮምፒዩተር ዓለም በተለመደው ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ብቻውን 9 ባይት ነው። 100 ፊደል ያለው አጭር ጽሑፍ 300 ባይት ይሆናል። ይህን በመካከለኛ የስህተት ማረሚያ የሚይዝ ኮድ በየጎኑ 69 ካሬ ያስፈልገዋል። በ22 ሚሊሜትር ስፋት ቢታተም እያንዳንዱ ካሬ 0.32 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይሆናል።

እኛ ግን በኮዱ ውስጥ ያስገባነው አጭር የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ ነው። አድራሻው ከ32 ሆሄያት ስለማይበልጥ በየጎኑ 29 ካሬ በቃው። በዚያው በ22 ሚሊሜትር ስፋት እያንዳንዱ ካሬ 0.76 ሚሊሜትር ሆነ፤ ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ሰፊ ካሬ የቀለም መፍሰስንም፣ ያረጀ የስልክ ካሜራንም ይችላል።

ኮዱ የራሱ ስህተት ማረሚያም አለው። አራት ደረጃዎች ያሉት ሲሆን በቅደም ተከተል እስከ 7፣ 15፣ 25 እና 30 በመቶ የሚሆነው ቢጠፋ መልእክቱን መልሶ ማግኘት ይቻላል። እኛ የ25 በመቶውን መረጥን፤ የቤተ መጻሕፍት ቅጂ በብዙ እጅ ስለሚገላበጥ ነው። ነገር ግን ይህ ማረሚያ ለጭረትና ለእድፍ የተተወ ስንቅ ነው። በዝግጅት ወቅት በራሳችን ቸልተኝነት ከበላነው ለመንገዱ አይተርፍም።

ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም

በስክሪን ላይ ጥቁር አንድ ነው። በማተሚያ ቤት ግን ባለ ቀለም ገጽ የሚታተመው በአራት ቀለሞች ነው፦ ሲያን የሚባለው ውኃ ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ደማቅ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት ይሠራለታል፤ ወረቀቱም በአራቱም ሥር ያልፋል።

ከኢንተርኔት የተወረደ ኮድ ብዙውን ጊዜ ለስክሪን የተሠራ ፎቶ ነው። ጥቁሩ ወደ ማተሚያ ቀለም ሲቀየር ከአራቱም ይቀላቀላል። በአዶቤ ፕሮግራሞች በተለመደው አንድ ቅንብር 75 በመቶ ሲያን፣ 68 በመቶ ማጀንታ፣ 67 በመቶ ቢጫና 90 በመቶ ጥቁር ይሆናል። ይህ ማለት እያንዳንዷ ትንሽ ካሬ አራት ጊዜ፣ አንዱ በሌላው ላይ መታተም አለባት። ወረቀቱ የፀጉር ውፍረት ያህል ቢንሸራተት በካሬዋ ዙሪያ ሮዝና ሰማያዊ ጥላ ይወጣል። በላዩ ላይ የሚከመረው ብዙ ቀለም ወደ ጎን ይፈስና ባዶዎቹን ካሬዎች ያጠብባቸዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኮዱ 100 በመቶ ጥቁርና ሌላው ሁሉ ዜሮ ይሁን። አንድ ቀለም፣ አንድ ፕሌት ከሆነ የሚጣላ ጎረቤት የለውም። በተጨማሪ ኮዱ ፎቶ ሳይሆን ቬክተር መሆን አለበት። ፎቶ ሲያድግና ሲያንስ ጠርዙ ግራጫ ይሆናል፤ ቬክተር ግን የመሥመሩን ልክ የሚይዝ በመሆኑ በየትኛውም መጠን ጠርዙ የተሳለ ነው። የምንጠቀምበት የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ኢንዲዛይን እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ኮዱን ራሱ መፍጠር ይችላል። «ኦብጀክት» በሚለው ዝርዝር ሥር «ጀነሬት ኪውአር ኮድ» የሚለውን መርጦ አድራሻውን መጻፍ፣ ከቀለሞቹም «ብላክ» የሚለውን መውሰድ ነው።

ኦቨርፕሪንት ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። ጥቁር ኮድ በቢጫ መደብ ላይ ሲቀመጥ ማተሚያው ሁለት ምርጫ አለው።

የመጀመሪያው ኖክአውት ይባላል። በቢጫው ፕሌት ላይ በእያንዳንዱ ጥቁር ካሬ ልክ ቀዳዳ ይተዋል፤ ጥቁሩ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ይታተማል። ይህ ልብስ ቀዶ እንደ መጣፍ ነው። ጣፊው ትንሽ ከዘነፈ በአንድ ጎን ነጭ ስንጥቅ ይታያል። በስስ ቢጫ ላይ ስንጥቁ ኮዱን ከመነበብ ላይከለክለው ይችላል፤ ገጹን ግን ያበላሻል። ጠቆር ባለ መደብ ላይ ደግሞ ነጩ ስንጥቅ ስልኩን ጭምር ያደናግራል።

ሁለተኛው ኦቨርፕሪንት ይባላል። ቢጫው ያለ አንዳች ቀዳዳ ሙሉ ሆኖ ይታተማል፤ ጥቁሩም በላዩ ያርፋል። ልብሱ ሳይቀደድ ጥልፍ እንደ መጥለፍ ነው። ጥቁሩ ትንሽ ቢንሸራተት እንኳ ኮዱ በሙሉ አብሮ ይንሸራተታል እንጂ ስንጥቅ አይፈጠርም። ጥቁር ቀለም የሥሩን ቢጫ ስለሚሸፍነው ምንም አይጎድልበትም። ለዚህ ነው በቢጫ ገጾቻችን ላይ ያሉት ኮዶች ሁሉ ኦቨርፕሪንት የሆኑት።

ኢንዲዛይን «ብላክ» በተባለው በራሱ ጥቁር የተሠራን ነገር በ100 በመቶ ሲሆን ኦቨርፕሪንት እንዲያደርግ የሚያዝዝ ቅንብር አለው፤ ፕሪፈረንስ ውስጥ «አፒራንስ ኦፍ ብላክ» በሚለው ሥር ይገኛል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ ራሳችን ቀላቅለን «100 በመቶ ጥቁር» ብለን የፈጠርነው ቀለም ይህ ቅንብር አይመለከተውም፤ ለብቻው «አትሪቢዩትስ» በሚባለው ሰሌዳ ላይ «ኦቨርፕሪንት ፊል» ተብሎ ሊታዘዝለት ይገባል። ሁለተኛ፣ ከሌላ ፕሮግራም ተሠርቶ የገባ ኮድ የራሱን ቅንብር ይዞ ይመጣል። ቅንብሩ ልክ ካልሆነ ወደ መጣበት ፕሮግራም ተመልሶ ይስተካከላል፤ አለዚያም ፍሬሙ «መልቲፕላይ» የተባለው የቅልቅል ዓይነት ይሰጠዋል። የገጹ ቀለም በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች የተዘጋጀ ከሆነ ውጤቱ ያው ነው፤ ጥቁሩ በመደቡ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ «ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ማየት ይቻላልና። «ሴፓሬሽንስ ፕሪቪው» የሚለውን ሰሌዳ ከፍተን የጥቁሩን ፕሌት እናጠፋለን። በኮዱ ቦታ ላይ ቢጫው ሙሉ ሆኖ ከታየ ኦቨርፕሪንት ነው። በካሬዎቹ ቅርጽ የተበሳሳ ነጭ ከታየ ኖክአውት ነው። ቀጥለን ጥቁሩን ብቻ አስቀርተን ሌሎቹን እናጠፋለን፤ ኮዱ እንዳለ ከቀረ በአንድ ፕሌት ላይ መሆኑን አረጋገጥን ማለት ነው። ሥራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ የአምስተኛ ክፍል ልጅም ይችለዋል።

ብርሃኑንም መጠበቅ

ኦቨርፕሪንት ለጥቁሩ መልካም ቢሆንም ለብርሃኑ ኃላፊነት ያስከትላል። ጥቁሩ በመደቡ ላይ ሲያርፍ በመካከሉ ያሉት ባዶ ካሬዎች የመደቡ ቀለም ይሆናሉ። ስለዚህ መደቡ ስስና አንድ ወጥ መሆን አለበት። ስስ ቢጫና ክሬም ይሆናሉ። ጥቁር አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ ወይም የተማሪዎች ፎቶ ግን አይሆኑም፤ ስልኩ የሚለየው የጥቁሩንና የመደቡን የብርሃን ልዩነት ነውና። በፎቶ ላይ ኮድ ማስቀመጥ ግድ በሆነባቸው ገጾች ላይ ከሥሩ ነጭ ሳጥን አደረግን። የጠየቃችሁን ነጭ ሳጥን ምክንያቱ ይህ ነው።

በዚህ ሳጥን ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በኅትመት ነጭ የሚባል ቀለም የለም፤ ነጭ ማለት የወረቀቱ ባዶ ቦታ ነው። ነጩ ሳጥን በስህተት ኦቨርፕሪንት ከተደረገ ማተሚያው «በፎቶው ላይ ምንም አታትም» የሚል ትእዛዝ እንደ ተሰጠው ይቆጥራል። ሳጥኑ በስክሪን ላይ ይታያል፤ በወረቀት ላይ ግን ይጠፋል። ጥቁሩ ኮድም በፎቶው ውስጥ ይሰወራል። ስለዚህ ደንባችን ይህ ነው፦ ጥቁሩ ኦቨርፕሪንት፣ ነጩ ሁልጊዜ ኖክአውት። «ኦቨርፕሪንት ፕሪቪው» የሚለው እይታ ሲበራ ይህ ወጥመድ ወዲያውኑ ይጋለጣል።

ሌላው ብርሃን በኮዱ ዙሪያ ያለው ባዶ ጠርዝ ነው። መመዘኛው በአራቱም ጎን የአራት ካሬ ስፋት ይጠይቃል። በእኛ መጠን 3 ሚሊሜትር ነው፤ ኮዱ ከነጠርዙ 28 ሚሊሜትር ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ጠርዝ ውስጥ ጽሑፍም፣ መሥመርም፣ የጥለት ሐረግም አይገባም። ቦታ ቆጥበን ሐረግ ብናስገባ ገጹ ያምር ይሆናል፤ ስልኩ ግን ኮዱ የት እንደሚጀምር ይጠፋዋል።

ስለ ቃሉ አንድ ማብራሪያ እንጨምር። ማተሚያ ቤቶች «ኦቨርፕሪንት» ሲሉ ሌላም ነገር ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ አስቀድሞ በታተመ ወረቀት ላይ በኋላ ስም ወይም ቁጥር መጨመር። ለምሳሌ ባለ ቀለም የምስክር ወረቀት በብዛት ታትሞ የየተማሪው ኮድ በኋላ በቢሮ ፕሪንተር ሊጨመርበት ይችላል። ወረቀት ዳግም ሲገባ ቦታውን በትክክል ስለማይዝ የኮዱ ባዶ ቦታ በየጎኑ ጥቂት ሚሊሜትር ተጨምሮበት ሰፋ ተደርጎ መተው ይኖርበታል። ከማተሚያ ቤት ጋር ስትነጋገሩ የትኛውን ማለታችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ ግለጹ።

ከማተም በፊት መፈተሽ

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ የታተመ መጽሔትም አይታረምም። ስለዚህ ፍተሻውን በሦስት ደረጃ ከፈልነው። በመጀመሪያ ገጹን ኦቨርፕሪንትን ጠብቆ በሚይዘው ፒዲኤፍ ኤክስ-4 በሚባለው ዓይነት አውጥተን በአክሮባት ፕሌቶቹን አንድ በአንድ ተመለከትን። ቀጥሎ የኮዶቹን ገጾች ዝርዝር ለማተሚያ ቤቱ በጽሑፍ ሰጠን፤ አንዳንድ ማተሚያ ቤቶች የራሳቸውን የኦቨርፕሪንት ቅንብር በፋይሉ ላይ ስለሚጭኑ ነው። በመጨረሻም መጽሔቱ በሚታተምበት በራሱ ወረቀት ላይ የናሙና ገጽ ጠየቅን። ልሙጥ ባልሆነ ወረቀት ቀለም ይበልጥ ስለሚሰፋ በሌላ ወረቀት ላይ የተፈተሸ ኮድ እንደተፈተሸ አይቆጠርም።

በናሙናው ላይ የሚሞከረው በአዲስ ስልክ ብቻ አይደለም። ካሜራው በተጫጫረ አሮጌ ስልክ፣ መብራት በጠፋ ምሽት በደካማ ብርሃን፣ ገጹ ወደ ስፌቱ በሚታጠፍበት ቦታም ይሞከራል። የመጽሔቱን ኮድ የሚከፍተው ምርጥ ስልክ ያለው ሰው ብቻ አይደለምና።

ኮዱ ወዴት ይወስዳል?

በወረቀት ላይ ያለው ሥራ በትክክል ቢሠራም አድራሻው ከሞተ ኮዱ አብሮ ይሞታል። በኢንተርኔት ላይ ኮድ የሚያዘጋጁ አንዳንድ አገልግሎቶች የእናንተን አድራሻ ሳይሆን የራሳቸውን መሸጋገሪያ አድራሻ ያስገባሉ። ክፍያው ሲቋረጥ ወይም ድርጅቱ ሲዘጋ መንገዱ ይዘጋል። የእኛ ኮዶች በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ የራሱ ድረ ገጽ ይወስዳሉ። ስለዚህ አድራሻውን በየዓመቱ ማደስ እንደ ጣሪያ ጥገና ሁሉ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ሆኖ ተመዝግቧል። የድምፆቹ ቅጂም በቤተ መጻሕፍታችን ተቀምጧል። ከእያንዳንዱ ኮድ ሥር አድራሻው በፊደል ተጽፏል፤ የተረቱ አጭር ይዘትም ታትሟል። ኢንተርኔት የሌለው ቤተሰብ ከታሪኩ እንዳይጎድል ነው።

የልጆቻችን ደኅንነት ሌላው ጉዳይ ነው። ኮድን ማንም ሰው ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ በአድራሻው ውስጥ የልጅ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር ወይም የመኖሪያ ሰፈር አልገባም። በድምፅ ገጹ ላይም የክፍሉ ስም ብቻ ይነበባል። ተማሪዎችም በበኩላችሁ ከስልካችሁ ላይ የሚታየውን አድራሻ ሳታነቡ ኮድ አትክፈቱ። በሱቅ ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በነበረ ኮድ ላይ ሌላ ኮድ ለጥፎ ገንዘብ የሚያጭበረብር አይጠፋም። ላዩን በጣት ዳሶ ስቲከር የተለጠፈበት መሆኑን ማየት ከብዙ ጣጣ ያድናል።

 ሥራውን የምትረከቡ ታናናሾች፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ቢረሳ ይህን ያዙ፦ ኮዱ አንድ ጥቁር ይሁን፣ በመደቡ ላይ ይረፍ፣ ዙሪያው ይተንፍስ፣ በወረቀት ላይ ይፈተሽ። ወላጆች ደግሞ ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር አንዱን ኮድ ከፍታችሁ አብራችሁ አዳምጡ። መጽሔቱን ለአያት ስትልኩም አጠቃቀሙን የሚያሳይ አንድ የጎረቤት ልጅ እንዳይጠፋ አደራ እንላለን።

መልካም ንባብ፣ መልካም ማዳመጥም ይሁንላችሁ።